የእንቁጣጣሹን ሥዕል ለማን ተውነው?



ባለፈው መስከረም 1 ቀን ጧት አንድ ልጅ የመኖሪያ ክፍላችንን በር አንኳኳ። «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ አንድ ወረቀት ዘረጋልን። በወረቀቱ ላይ አደይ አበባና ክንፉን የዘረጋ መልአክ አለበት፤ ሥዕሉ ግን በማተሚያ መኪና የታተመ ነው። «አንተ ነህን የሣልኸው?» ብለን ብንጠይቀው፣ «ኧረ ገዝቼው ነው፤ የሣልሁትንማ ማን ይወስድልኛል?» ሲል መለሰልን። ሳንቲሙን ሰጥተን ሸኘነው፤ መልሱ ግን እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን የጳጉሜን ቀኖች እንዴት እናሳልፍ እንደ ነበር አንዘነጋም። እኅቶቻችን አበባየሆሽን ሲለማመዱ፣ እኛ ወለል ላይ ተደፍተን ፀሐይ፣ አበባና መልአክ እንሥል ነበር። በበዓሉ ጧት ሥዕላችንን ይዘን ከጎረቤት ጎረቤት እንዞራለን፤ የምናገኘው ሳንቲምም ትምህርት ቤት ሲከፈት ደብተርና እርሳስ ይሆነናል። የእጃችንን ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበልነው ያን ጊዜ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ሥዕሉን የሕፃን ጨዋታ ነው ብለን ተውነው። ካርድ ከሱቅ መግዛት ጀመርን፤ አሁን ደግሞ ሌላ ሰው የሠራውን ሥዕል በስልክ ለአርባ ሰው ባንድ ጊዜ እንሰዳለን። ስልኩን አንነቅፍም፤ ዋሽንግተን ላለ ወንድም የእንኳን አደረሰህ ቃል በቅጽበት ማድረሱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ለሁሉም የተላከ ሰላምታ ለማንም እንዳልተላከ ያህል ነው።

ነገሩ የካርድ ብቻ አይደለም፤ በእጅ ሥራ የማፈር ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ሆኖም ስድቡን የተውን እኛ የተማርነው ንቀቱን ገና አልተውንም። ነጋዴ የሚሸጠው ካርድ እንኳ ሲጀመር ከእጅ አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ1843 ሄንሪ ኮል የተባለው እንግሊዛዊ ለገና በዓል በሎንዶን ያሳተመው ካርድ በድንጋይ ማተሚያ ከታተመ በኋላ እያንዳንዱ በእጅ ቀለም ተቀብቷል። ዋጋው አንድ ሽልንግ ስለ ነበረ ግን ለተራው ሠራተኛ የሚቀመስ አልነበረም። በእጃችን ብንሠራው እኛ ዘንድ ይህን ያህል አይወደድም።

ሥራውም ከባድ አይደለም። ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት ለሁለት ይታጠፋል። አበባው በውሃ በሚሟሟ ባለቀለም እርሳስ ይሣልና እርጥብ ብሩሽ ሲያልፍበት ጭረቱ ተፈትቶ ይለሰልሳል። ተራው ባለቀለም እርሳስ ሰም ስላለበት እንዲህ አይሟሟምና ስትገዙ ለዩ። ማኅተሙን ከድንች ማውጣት ይቻላል፤ ድንቹ ለሁለት ተቆርጦ፣ ውሃው በጨርቅ ከተመጠጠ በኋላ፣ የሚፈለገው ቅርጽ ብቻ ከፍ ብሎ እንዲቀር ዙሪያው በምላጭ ይነሣል። ፊደል የሚቀርጽ ሰው ግን ገልብጦ መቅረጽ አለበት፤ እኛ ይህን ዘንግተን የመጀመሪያው ማኅተማችን «እንኳን አደረሰዎ» የሚለውን እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ አስነበበን! ሥዕሉ ሳይደርቅ ማኅተም ቢመታበትም ቀለሙ ይፈሳል፤ ስለዚህ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «አገሪቱ ስንት ችግር እያለባት ስለ ካርድ ታወራላችሁን?» ይሉን ይሆናል። ካርድ የተራበ እንደማያበላ እናውቃለን። ነገር ግን የእጅ ሥራን የሚንቅ ተማሪ ነገ መሐንዲስ ቢሆን የግንበኛውን፣ ሐኪም ቢሆን የአስታማሚዋን ሥራ እንዴት ሊያከብር ይችላል? ደግሞም የመኪና ገንዘብ አጥቶ በበዓሉ ግቢ ውስጥ የሚቀረውን ጓደኛችንን እናስብ። ፊደል ያልቆጠረች እናቱ የተጻፈላትን ለመስማት አንባቢ ትፈልጋለች፤ ልጇ በእጁ የሣለላትን አደይ አበባ ግን ራሷ አይታ ታውቀዋለች፤ ግድግዳዋ ላይም ትለጥፈዋለች።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመጪው ጳጉሜን ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ይከፈትልን። እርሳሱን አዋጥተን እንግዛ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። መምህሮቻችንም ባንድ ወገኑ ብቻ የተጻፈበትን ወፍራም ወረቀት አይጣሉብን፤ ቢቻላቸውም መጥተው አብረውን ይሣሉ። የግቢያችንን ጎረቤት ልጆች ጠርተን ከእኛ ጋር እናስቀምጣቸው፤ ምናልባትም ከእኛ ይበልጡ ይሆናል።

መስከረም 1 ቀን ደግሞ በር ሲንኳኳ፣ የገዛውን ይዞ የመጣውን ልጅ ባዶ እጁን አንመልሰው፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ራሱ የሣለውን ይዞ ለመጣው ግን እጥፍ እንክፈል፤ ምክንያቱንም እንንገረው። «የሣልሁትንማ ማን ይወስድልኛል?» ያለው ልጅ ከመጣም፣ እኛ እንወስድልሃለን እንበለው።