አሮጌው ስልክ በር እንዳይዘጋበት

የግብዓት ማስታወቂያ፣ የገበያ ዋጋና የአየር ጠባይ ትንበያ በድረ ገጽ መውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ጉዳይ ተፈጥሯል። ይኸውም ብራውዘር የተባለው ድረ ገጽ የሚከፍት ፕሮግራም ሲያረጅ፣ የድረ ገጽ ባለቤቶች እስከ መቼ ድረስ ሊያስተናግዱት ይገባል የሚለው ነው።

አሮጌው ይቅር የሚሉ ወገኖች በቂ ምክንያት አላቸው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣውን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6ን ለማስተናገድ ሲባል ባለሙያዎች አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ለመሥራት ይገደዱ ነበር። ስለዚህም ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ማስተናገዱን አቆመ። ማይክሮሶፍት ራሱም የመጨረሻውን ዓይነት፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11ን፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 2022 በአብዛኞቹ የዊንዶውስ 10 ኮምፒዩተሮች ላይ መደገፉን አቁሟል። ከድካሙ ይልቅ የሚከፋው ግን አደጋው ነው። ያረጀ ብራውዘር የሚያውቀው ያረጀ የምስጢር መጠበቂያ ስልት ብቻ በመሆኑ፣ እርሱን ለማስገባት ሲባል የላላ በር ክፍት ይተዋል። በላላ በር ደግሞ ሌባም ይገባል።

ይሁን እንጂ በሩ በድንገት ሲዘጋ ውጭ የሚቀረው አዲስ ስልክ ለመግዛት አቅም የሌለው ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለ። ለድረ ገጾች የእውነተኛነት ማረጋገጫ በነጻ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ከአንድሮይድ መሣሪያዎች ሲሶ ያህሉ ማረጋገጫውን መቀበል ሊያቅታቸው እንደሚችል አስታወቀ። መሣሪያዎቹ ከ7.1.1 በፊት በነበረው አንድሮይድ የሚሠሩ ነበሩ። ድርጅቱ ግን የሆነው ይሁን ብሎ አልተወም፤ በማግሥቱ ወር መላ አግኝቶ ለአሮጌዎቹ ስልኮች እስከ 2024 ድረስ ጊዜ ገዛላቸው።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ መለየት ያለበት ነገር ሳይለይ መወሰን አይገባም። ገንዘብ የሚተላለፍበትና የግል መረጃ የሚሞላበት ድረ ገጽ ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ብራውዘርን አላስገባም ቢል ትክክል ነው፤ የሚጠብቀው የገበሬውን ንብረት ነውና። የዋጋ፣ የዘርና የዝናብ ማስታወቂያ ግን ጽሑፍ ነው። ያለ ጌጥና ያለ ከባድ ሥዕል በቀላሉ ከተዘጋጀ ባረጀ ስልክም ይነበባል። የሚቋረጥ አገልግሎት ካለም ከወራት በፊት ሊነገርና ሌላ መንገድ ሊዘጋጅለት ይገባል። ሌላ መንገድ መኖሩን እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው 8028 የተባለው የገበሬዎች የስልክ መስመር አሳይቷል፤ ምክሩን ለመስማት ተራ ስልክ ይበቃ ነበርና።

የማኅበራት መሪዎችም ድርሻ አላችሁ። በአባሎቻችሁ እጅ ያለው ስልክ ምን ዓይነት እንደሆነ መዝግባችሁ ያዙ። ሊታደስ የሚችለው እንዲታደስ ወጣቶችን አስተባብሩ። አልከፍት ያለውን ድረ ገጽ ለይታችሁ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አሳውቁ። በከተማ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ባለሙያ በገጠር ያለውን ስልክ አያየውምና፣ ካልተነገረው ሁሉም እንደ እርሱ አዲስ የያዘ ሊመስለው ይችላል።