«በረዶ በክረምት ነው እንጂ በገና ነው እንዴ?»

ገና እየደረሰ ነው። የታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። በገጠሩ እህል ይወቃል፤ በከተማውም የዶሮና የሽንኩርት ዋጋ የየቤቱ ወሬ ሆኗል። በግቢያችንም ቢሆን «ማን ይሄዳል? ማን ይቀራል?» ከሚለው በቀር ሌላ ጨዋታ የለም። በዚህ ሰሞን ስለ ትምህርት ማንሣት በበዓል ማዕድ ላይ የሒሳብ ደብተር እንደ መዘርጋት ሊቈጠርብን ይችላል። ቢሆንም በሆዳችን የከረመ አንድ ነገር ስላለ፣ ሳናወጣው ገና አይለፍብን ብለን ይህን ጻፍን።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት በፕራክቲከም ጊዜ ነው። ጥቂት እጩ መምህራን ሆነን በአንድ የኦ ክፍል ተመድበን ነበር። በዓሉ ስለ ተቃረበ፣ ሕፃናቱ ቤታቸው ወስደው ከወላጆቻቸው ጋር የሚሠሩት የገና ወረቀት እንድናዘጋጅ ተነገረን። እኛም ደስ ብሎን ሌሊቱን ከኢንተርኔት ሥዕል ስንለቅም አደርን። የጥድ ዛፍ፣ ካልሲ የተሰቀለበት ምድጃ፣ ኮፍያ ያደረገ የበረዶ ሰው፤ በሥሩም «ቁጠር፣ ቀለም ቀባ፣ ጥጥ ለጥፍ» የሚል ትእዛዝ። ወረቀቱ አማረ። ከኪሳችን አውጥተን ኮፒ ቤት አባዛነው።

ስናድል አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ የበረዶውን ሰው አይታ «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። «ከበረዶ የተሠራ ሰው ነው፤ በገና ጊዜ በረዶ ይጥላል» አልናት። ልጅቷ ትንሽ አሰብ አደረገችና «በረዶ በክረምት ነው እንጂ በገና ነው እንዴ?» አለችን።

ክፍሉ ሳቀ። እኛ ግን መልስ አልነበረንም፤ ልጅቷ ትክክል ነበረቻ! በረዶ በሐምሌና በነሐሴ ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮ ሲደበድብ ታውቃለች። ታኅሣሥ በጋ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መሬቱ ደረቅ፣ ብርዱ የማታና የጠዋት ነው። በወረቀታችን ላይ የነበረው የሰሜን አገሮች ክረምት እንጂ የእርሷ ገና አልነበረም። ለነገሩ ከመካከላችንም የበረዶ ሰው በዓይኑ ያየ አንድም አልነበረም። ያላየነውን ልናስተምር፣ ያየችውን ልናስረሳት ነበር ማለት ነው።

ወረቀቱ ቤት ሲደርስስ ምን ሆነ? ከበዓሉ በኋላ የተመለሰው ጥቂት ነው። ወደ አንድ ልጅ ቤት ሄደን እናቱን «እትዬ፣ ወረቀቱን ለምን ሳትሠሩት ቀራችሁ?» ብለን ጠየቅን። «ልጆቼ፣ እኔ ፊደል አልቈጠርኩም፤ ምን ብዬ ላሠራው? ቀለሙስ ከየት ይመጣል? እናንተው አስተምሩልኝ እንጂ» አሉን። ይህን ሲሉን ምስር እየለቀሙ ነበር። ልጁም አጠገባቸው ተቀምጦ ጠጠሩን ለብቻ፣ ምስሩን ለብቻ ያደርጋል። «እስቲ ሦስት ሽንኩርት አቀብለኝ» አሉት። አራት ይዞ መጣ። «ስንት ነው ያመጣኸው? ቁጠረው» አሉት። ቈጠረና አንዱን ራሱ መለሰ።

መለየት፣ መቍጠር፣ መቀነስ፤ አንድ ሙሉ ትምህርት በዓይናችን ፊት ተሰጠ። ያስተማሩት እናት ግን «እኔ አላውቅም» እያሉን ነው! እኛም «ኧረ እትዬ፣ እያስተማሩት ነው እኮ» ማለት ሲገባን ዝም ብለን ሻይ ጠጥተን ወጣን። የሚቈጨን ይህ ነው። ችግሩ በየቤቱ ትምህርት መጥፋቱ አይደለም፤ መኖሩን እኛ አለማየታችን፣ ብናይም ለወላጁ አለመንገራችን ነው።

ይህ የእኛ ፈጠራ እንዳይመስል በክፍል የተማርነውን እናስታውስ። ፍሮበል በ1837 እ.ኤ.አ. በጀርመን ባድ ብላንክንቡርግ ለሕፃናት ሥራውን ሲጀምር «የመጀመሪያው ስጦታ» ብሎ ያዘጋጀው ከክር የተሠራ ለስላሳ ኳስ ነበር። ሞንቴሶሪም በ1907 እ.ኤ.አ. በሮም ድሆች ሰፈር በከፈተችው የሕፃናት ቤት ልጆቹን ውኃ መቅዳት፣ ማጠብ፣ መጥረግና ማዕድ ማሰናዳት አለማመደቻቸው። በአገራችንም በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ የወላጆችን ትምህርት ከምሰሶዎቹ አንዱ አድርጎታል። ታዲያ በፈተና ወረቀት ላይ እነዚህን ስሞች እየጻፍን፣ ከጨርቅ ሩር የሚጠቀልለውን አባትና ምስር የምታስለቅመውን እናት «ያልተማሩ» ብለን ማለፋችን እንዴት ያለ ነገር ነው?

ስለዚህ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያለ ልጅ በዚህ በዓል ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሳንቲምም ሳይወጣበት ሊማርባቸው ከሚችሉት ነገሮች ጥቂቱን እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ቀን መቍጠር። ታኅሣሥ 19 ቀን አሥር ጠጠር በጣሳ ይቀመጥ። ልጁ በየቀኑ አንድ ጠጠር ያውጣና የቀረውን ይቍጠር። ጣሳው ባዶ ሲሆን ማግስቱ ገና ነው። በዚህም ቍጥር ብቻ ሳይሆን «ትናንት፣ ዛሬ፣ ነገ» የሚባለው ለሕፃን የሚከብድ ነገር ይጨበጥለታል። (ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት በሚገባው በዘመነ ዮሐንስ፣ በ2016 ዓ.ም. እንደ ሆነው፣ ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚውል አንድ ቀን ቀድሞ ይጀመር።)

ሁለተኛ፣ ጓዳ። ለቆሎ የሚሆነውን ሽምብራና ስንዴ መለየት፣ ሽንኩርቱን ከትልቅ ወደ ትንሽ መደርደር፣ እንቁላል መቍጠር። ዶሮ የታረደበት ቤት ከሆነ አሥራ ሁለቱን ብልት ከእናቱ ጋር ስማቸውን እየጠራ ይቍጠር። እስከ አምስት ደርሶ ቢጠፋበትም አንቆጣው፤ ለአራት ዓመት ልጅ አምስትም ብዙ ነው። የዳቦው ሊጥ ሲቦካ «ማታ እስከ የት ነበር? አሁንስ እስከ የት ደረሰ? ለምን ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሳይንስ ነው። ዳቦው ሲቈረስ ግማሽና ሩብ በእጁ ይገባሉ።

ሦስተኛ፣ የገና ጨዋታ። «ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት» ይላል የአገራችን ሰው። እኛ ግን አስተማሪ ለመሆን የመጣን ስለሆንን፣ ገናም የእንጨት ጨዋታ ስለሆነ፣ ዱላውን አሳጥረን እንጫወታለን! ከአሮጌ ጨርቅ ሩር ሲጠቀልልና በገመድ ሲያስር ነገ እርሳስ የሚይዙት ጣቶቹ ይጠነክራሉ። ዱላው ስንት ስንዝር እንደሆነ ሲለካ መለካት ይማራል። ተራ መጠበቅ፣ ሕግ ማክበር፣ ተሸንፎ አለማኵረፍ ከዚሁ ሜዳ ይገኛል። በገና ጨዋታ ጌታ እንኳ አይቆጣም ሲባል የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም።

አራተኛ፣ ፊደል። በትሪ ላይ ዱቄት ወይም አመድ በተን አድርጎ በጣት «ገ» ብሎ መጻፍ፤ የገና «ገ»። ቀጥሎ የልጁ ስም የሚጀምርበት ፊደል። ይበቃል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ በአንድ በዓል አያልቁም፣ እንዲያልቁም አንፈልግም።

አምስተኛ፣ አፍ። እንግዳ ሲመጣ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ መቀበል፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ ባዶ ስኒ ማቅረብ፣ ማታ ከአያት ጋር «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» መባባል። መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» ተብሎ ጎንደርና ጎጃም ሲሰጥ ልጁ የአገሩን ስም ይሰማል። ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ደግሞ የላሊበላ በዓል ሲታይ፣ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይ ከአፋፉና ከታች ሆነው ሲያሸበሽቡ «ከላይ ያሉት የትኞቹ ናቸው? ከታችስ?» ብሎ መጠየቅ ማንን ገደለ?

ጥንቃቄም አለ። ጥሬ እህል አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባልና ሕፃኑ ብቻውን አይተው፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅማ ጭራሽ አይሰጥ። እሳት፣ ቢላዋና የፈላ ቡና ከልጅ ይራቁ።

እዚህ ላይ ጥያቄ የሚያነሡ አይጠፉም። «በበዓል እንኳ ልጁን አታሳርፉትም?» ይሉናል። እኛም በዓሉ ክፍል ይሁን አላልንም። ደብተር የለም፣ ማርክ የለም፣ የጓዳው ሥራ በሚሠራበት ዐሥር ደቂቃ ልጁን «ዞር በል» ማለት ቀርቶ «ና እርዳኝ» ይባል ነው ያልነው። ከሥራ መሽቶባት የምትገባ እናትም ብትሆን ሽንኩርት መላጧ አይቀርም።

ሌሎች ደግሞ «ገና በሁሉም ቤት የለም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ይህም ከልብ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የሙስሊሙን ልጅ የገና የቤት ሥራ ማሸከም ተገቢ አይደለም። ለእርሱ የኢድ ጨረቃ አለችለት፤ ቀጭኗን ጨረቃ ማታ ማታ እያየ መጠኗን በሥዕል ቢያሳይ፣ በአፍጥር ሰዓት ለየሰዉ ተምር ሦስት ሦስት አድርጎ ቢያድል የሚማረው ያው ነው። ዋናው ነገር የልጁ የራሱ ቤትና የራሱ በዓል መሆኑ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ዘንድሮ ዶሮ የማይገባበት ቤት አለ። ስለዚህ ከበዓል መልስ በክፍል ቆመን «በቤታችሁ ምን ታረደ?» ብለን አንጠይቅ። ይህ ጥያቄ ስንቱን ሕፃን አንገቱን እንዳስደፋው የምናውቀው፣ አንዳንዶቻችንም ያን ጊዜ አንገታችንን የደፋን ልጆች ነበርንና ነው። «ማንን ረዳህ? ምን ቈጠርክ?» ብንል ግን እጁን የማያወጣ ልጅ አይኖርም። ጠጠርና ጨርቅ የሌለበት ቤት የለም።

እንግዲህ የምንለው ይህን ነው። እጩ መምህራን ሆይ፣ የሚሄድም የሚቀርም በዚህ ገና ከአንድ ሕፃን ጋር፣ ታናሽ ወንድምም ይሁን የጎረቤት ልጅ፣ አንዱን ሥራ ይሥራ፤ ያየውንም በግማሽ ገጽ ጽፎ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ለልጁ እናት ወይም አባትም «አሁን ያደረጉት እኮ ትምህርት ነው» ብሎ ይንገራቸው። መምህሮቻችንንም በአክብሮት የምንጠይቀው አለን። በፕራክቲከም ማርክ የሚሰጠው ለወረቀቱ ማማር ከሆነ እኛም ጥጥ ስንለጥፍ እንከርማለን። እባካችሁ አንድ ጊዜ ከወላጅ ጋር ለተደረገ ጥሩ ጭውውትም ማርክ ስጡ።

ያቺ የአምስት ዓመት ልጅ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ታናሽ ወንድሟ በቦታዋ በኦ ክፍል ተቀምጧል፤ የሚቀጥለው የገና ሥራም ለእርሱ ነው የሚሰጠው። ለእርሱም የበረዶ ሰው ይዘን እንዳንሄድ አደራ።

መልካም ገና!

ከግድግዳው ጋዜጣ አዘጋጆች