ለቅሶን አንጠብቅ



እሳት ሲነሣ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ይሮጣል። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ግን ወደ ውስጥ ይገባል።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሸማ ተራ ላይ በምሽት እሳት ተነሣ። መንገዱ ጠባብ ነው። ሕዝቡም ብዙ ነው። የእሳት አደጋ መኪና እንደልብ መግባት አቃተው። ሠራተኞቹ ግን ከእሳቱ ጋር ታገሉ።

እንዲህ ያለ ሰው አርጅቶ ጡረታ ይወጣል። ቤቱ ስለ ሥራው ብዙ አያወራም። ልጆቹ እንዳይደነግጡ ዝም ይላል። አንድ ቀን ያርፋል። የሥራ ጓደኞቹ ለቅሶ ይመጣሉ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው፣ «ያን ሌሊት ሕፃኗን አቅፎ ያወጣት እሱ እኮ ነው» ይላሉ። ልጆቹ ይህን የሚሰሙት ገና ያኔ ነው። እንዳይጠይቁት አባታቸው የለም።

እኛ ለቅሶን አንጠብቅ እንላለን። በመቱም ይሁን በጎሬ፣ በዚህ ሥራ ያረጁ አባት ካሉ ቡና አፍልተን እንጥራቸው። ያዩትን ይንገሩን። የሚያውቁትንም ያስተምሩን። የሚነድ ዘይት ላይ ውሃ አይደፋም፤ በክዳን ይታፈናል። ልብሱ የተቀጣጠለበት ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ ይንከባለል። እንዲህ ያለ ምክር ቤት ያድናል፤ ነፍስም ያድናል።

አሁን ፊደል ቆጥረናል። የነገሩንን በደብተራችን እንጻፍ። ስማቸውንም ከላይ እናስፍር። በአፍ የተነገረ ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ለልጅ ልጅ ይደርሳል።