ማጭዱን የሚሠራው እጅ ከዕቅዱ ለምን ተረሳ?

ስለ ምርጥ ዘርና ስለ አፈር ማዳበሪያ በየመድረኩ ይመከራል፣ ሪፖርትም ይቀርባል። ማረሻና ማጭድ ግን በወረዳ የግብዓት ዕቅድ ውስጥ እምብዛም አይነሱም። ማሳው ተዳፋትና ቁርጥራጭ በሆነበት ሁሉ ኮምባይነር አይገባም፤ ጤፉ የሚታጨደው በእጅ ነው። ቶሎ የሚዶለዱም ማጭድ የአጫጁን ጉልበትም ቀኑንም ይበላል፤ የደረሰ ሰብል ደግሞ ቀን አይሰጥም።

ችግሩ የሚጀምረው ከብረቱ ነው። ከግንባታ የተረፈ ፌሮ በቀላሉ ቢገኝም አብዛኛው ለስላሳ ስለሆነ ስለት አይይዝም። የመኪና ባሌስትራ የተሻለ ካርቦን ስላለው በእሳት ይጠነክራል። ለዚህም ስለቱ ማግኔት መሳብ እስኪያቆም በእኩል ይግላል፤ ወዲያው ሞቅ ባለ ዘይት ይነከራል። ቀዝቃዛ ውሃ ሊሰነጥቀው ይችላል። ሥራው በዚህ ካበቃ ግን ማጭዱ ድንጋይ ሲነካ ይሰበራል። ስለዚህ ፊቱ ተፈግፍጎ ከጠራ በኋላ እንደገና ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ የገለባ ቀለም ሲይዝ፣ ከ220 እስከ 240 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ፣ ከእሳቱ ይነሳል። ግንድ ለሚመታ ምሳር ሙቀቱ ወይን ጠጅ ቀለም እስኪታይ ይቀጥላል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮና ቧንቧ ግን እሳት ውስጥ መግባት የለበትም፤ ጢሱ ያሳምማል።

ለዚህ ሥራ ቀጥቃጩ ከሰሉንና ብረቱን አስቀድሞ በገንዘብ ይገዛል። የድካሙን ዋጋ ግን በብዙ ቦታ አዝመራ ሲገባ በእህል ይቀበላል። በዚያ ላይ ስድቡና መገለሉ ይጨመርበታል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ቀጥቃጭን ዛሬም በክፉ ዓይን የሚያይ አለ። ልጁ ሙያውን ጥሎ ከተማ ቢገባ ሊገርም አይገባም።

ከውጭ የገባ ማጭድ ገበያ ላይ አለ የሚል ይኖራል። ይኑር፤ የደነዘ ማረሻ የሚቀጠቀጠው ግን እዚያው ቀበሌ ውስጥ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ቀጥቃጮችን ከአጨዳ በፊት ይመዝግቡ፤ ከብድርና ከሙያ ኮሌጅ ሥልጠና ጋር ያገናኙ። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ቆመው የሚዝጉ ተሽከርካሪዎች በሕጉ መሠረት ሲወገዱ ባሌስትራቸው ለእነዚህ ባለሙያዎች የሚደርስበት መንገድ ይመቻች። አርሶ አደሩም የዋጋውን ከፊል አስቀድሞ ይክፈል፤ ባለሙያውንም ያክብር። ወናፉ ከቆመ ሞፈሩም መቆሙ አይቀርምና።