ከሐዋሳ መልስ፦ ወፍ፣ የእሳት እራትና እግር ማፍታቻ

እኔና ባለቤቴ ሐዋሳ አራስ ልጃችንን ጠይቀን ስንመለስ፣ በአንድ ቀን የሚያልቀውን መንገድ ሁለት ቀን አደረግነው። ምክንያቱ የባለቤቴ እግር ነው። ዓምና ከረጅም ጉዞ በኋላ ግራ ባቱ አብጦ ሲመረመር፣ ደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሰው ይገድላል። ሐኪሙ «ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀምጠው እንዳይጓዙ» ብሎታል። እሱ ግን «እግሬን ላፍታታ» ብሎ መኪና ማስቆም ያሳፍረዋል። ወፍ ለማየት ሲሆን አያፍርም። ስለዚህ ፌርማታዎቻችንን ወፎች እንዲመርጡልን አደረግን።

ገና ከሐዋሳ ሳንወጣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆምን። ራሰ በራዎቹ አባ ኮዳዎች የዓሣ አንጀት እስኪጣልላቸው እንደ ሽማግሌ ተኮልኩለው ይጠብቃሉ። ሰው ቢጠጋቸውም ግድ የላቸውም፤ ለጀማሪ ተመልካች ከእነሱ የተሻለ የለም።

ቀጥለን አብጃታ ሻላ ገባን። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው፤ ደሴቱ ላይ ፔሊካኖች ይፈለፍላሉ። ዓሣ የሚያጠምዱት ግን ጎረቤት አብጃታ ላይ ነበር። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣለት ውኃ በመስኖ ሲቀንስበት፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውኃ ሲሳብ፣ አብጃታ ሸሸ፣ ጨውነቱም በረታ። ዓሣው ሲጠፋ ፔሊካኖቹ ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ ሩቅ መብረር ግድ ሆነባቸው። ፍላሚንጎዎች ጨዋማ ውኃ የሚያበቅለውን ደቃቅ አልጌ ስለሚመገቡ አሁንም አሉ። ወደ ውኃው ጠርዝ ስንሄድ የረገጥነው ደረቅ ነጭ መሬት ግን ቀድሞ የሐይቁ ወለል የነበረ ነው። ባለቤቴ ብዙ ተራመደ፤ እኔ ግን በእርምጃው ብዛት መደሰት አልቻልኩም።

ማታ ላንጋኖ አደርን። አብሮን የነበረው የወንድሜ ልጅ ነጭ አንሶላ በሁለት ዛፍ መካከል ወጥሮ ፊት ለፊቱ መብራት ሰቀለ። የእሳት እራት የሚባሉት ጠጉራም የሌሊት ቢራቢሮዎች አንድ በአንድ መጡ። ወደ እሳት የሚገቡት ሞኝ ሆነው አይደለም። ሌሊት ከምድር ይልቅ ሰማዩ ስለሚደምቅ ጀርባቸውን ለብርሃን ሰጥተው ይበርራሉ፤ አምፖል ሲያገኙ ይህ ልማድ ያምታታቸውና ይሽከረከራሉ። ክንፉ ላይ ዓይን የመሰለ ምልክት ያለበት አንድ ትልቅ መጣ። የዚህ ወገን ከአባ ጨጓሬነት ከወጣ በኋላ ምግብ አይቀምስም፤ በትልነቱ ባጠራቀመው ስንቅ ጥቂት ቀን ኖሮ፣ ዘር ተክቶ ይሞታል። ሌላው ወፍራሙ በራሪ በረጅም ምላሱ አበባ ይቀስማል፤ ፓፓያ የሚያፈራው በአብዛኛው በእነሱ ውለታ ነው። ስንጨርስ መብራቱን አጥፍተን ለቀቅናቸው።

በማግስቱ ዝዋይ ላይ የዓሣ ንስር ስናይ፣ «እንሂድ» ስለው «ቆዪ እንጂ፣ አሁን ገና ዓሣ ያዘች!» አለኝ። ግማሽ ሰዓት በእግሩ ቆሞ ነበር።

እናንተም ብትሞክሩት፣ ከነርስነቴ የተረፈውን ልንገራችሁ። በየአንድ ሁለት ሰዓቱ ወርዳችሁ አምስት ደቂቃ ተራመዱ፤ መኪና ውስጥም ቁርጭምጭሚታችሁን ላይና ታች አንቀሳቅሱ፣ ውኃ ጠጡ። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ሳታሹና ሳትጠብቁ ጤና ተቋም ሂዱ። የእሳት እራት ስታዩ የወባ ትንኝም ሰዓቷ ነውና እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ፣ አጎበር ውስጥ ተኙ። ጠጉራም ትል በእጅ አትንኩ። ዝዋይና ሐዋሳ ቢልሃርዚያ ስላለ፣ ወፍ ልቅረብ ብላችሁ እግራችሁን ውኃ ውስጥ አትንከሩ።

ለሳምንት በሰላም ያገናኘን፤ ቸር ሰንብቱ።