ከኮንቴይነሩ በፊት መጽሐፉ ይምጣ

የአዲስ አበባ ቡና ነጋዴ ያላየውን ቡና አይገዛም። ይርጋ ጨፌ ነው ሲሉት ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ የታጠበ ይሁን ደረቅ፣ የዘንድሮ ይሁን የአምና ምርት ይጠይቃል። ናሙናውን አስቆልቶ ያስቀምሳል። ደላላው የሚለውንም በግማሽ ጆሮ ነው የሚሰማው። ይኸው ሰው ወደ ወይን ጠጅ ንግድ ሲገባ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ከአውሮፓ የመጣለትን ፕሮፎርማ ያገላብጣል፣ “ፈረንሳይ” የሚለውን ቃል ያያል፣ በጠርሙሱ ላይ የተሣለውን ቤተ መንግሥት መሰል ሕንፃ ይመለከታል፤ ከዚያም ባንክ ሄዶ ኤል ሲ ይከፍታል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ድፍረት በጣም ተወዷል። አንድ ኮንቴይነር ወይን ጠጅ በብር ሲሰላ ከበፊቱ እጅግ የበለጠ ገንዘብ ይይዛል፤ ቀረጡና ኤክሳይዝ ታክሱም የሚታሰበው በዚያው ላይ ነው። ፈላጊ ያጣ ወይም ሳይሸጥ የሚበላሽ ወይን መጋዘን ያስገባ ነጋዴ፣ ቆልፎ የሚያድረው በባንክ ዕዳ ላይ ነው።

ለዚህ በሽታ ርካሽ መድኃኒት አለ። እርሱም አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነው። በዘርፉ ከታወቁት አጠቃላይ ማጣቀሻዎች መካከል “ዘ ኦክስፎርድ ኮምፓንየን ቱ ዋይን” የሚባለው ቀዳሚ ነው። በእንግሊዛዊቷ የወይን ጠጅ ጸሐፊ በወይዘሮ ጃንሲስ ሮቢንሰን አዘጋጅነት መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ አምስተኛው እትም በ2023 ወጥቷል። ከ4,100 በላይ ርዕሶች እንደ መዝገበ ቃላት በፊደል ተራ ተደርድረውበታል። ካርታ ለሚፈልግ ደግሞ ሂዩ ጆንሰን በ1971 የጀመሩት “ዘ ወርልድ አትላስ ኦፍ ዋይን” አለ። ሁለቱንም ለመግዛት አቅም የሌለው የመጀመሪያውን ይግዛ። ካርታ ዓይን ደስ ያሰኛል፤ ገንዘብ የሚያድነው ግን መዝገቡ ነው።

ነጋዴ መጽሐፍ ይዞ መነገዱ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በግሪክኛ የተጻፈው “የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ” የነጋዴዎች መመሪያ ነበር፤ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም ምን ቢወስዱ እንደሚሸጥ ሲዘረዝር ከሎዶቅያና ከኢጣሊያ የሚመጣ ወይን ጠጅ፣ እሱም ብዙ ሳይሆን፣ ብሎ ጽፏል። “ብዙ ሳይሆን” የሚለው ለዛሬም አስመጪ የሚበቃ ምክር ነው።

መጽሐፉ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ሁለት ቃላት ብቻ ወስዶ መፈተን ይበቃል። “ግራን ክሩ” የሚለው ጽሑፍ በብዙ የፈረንሳይ ጠርሙስ ላይ አለ። ሻጩ “ከፍተኛ ደረጃ ማለት ነው” ይላል፤ ገዢውም ያምናል። መጽሐፉን የገለጠ ሰው ግን አራት የተለያየ ነገር ያገኛል። በቡርጎኝ ግራን ክሩ የሚባለው መሬቱ ነው፤ ቁጥራቸው 33 የሆነ የታወቁ ይዞታዎች ናቸው፣ ከዚያ በላይ ደረጃ የለም። በሻምፓኝ መንደሩ ነው። በሳንት ኤሚሊዮን ግን “ሳንት ኤሚሊዮን ግራን ክሩ” የሚለው ብዙ አምራቾች ሊጽፉት የሚችሉት የአካባቢ ስያሜ ነው፤ በደረጃ የተመረጡት “ክላሴ” የሚል ቃል ተጨምሮላቸው ነው የሚለዩት። ይህቺ አንዲት ቃል መኖሯና አለመኖሯ የዋጋ ልዩነት ነች። ፕሮፎርማው ላይ ቃሏ የለችም፤ ዋጋው ግን እንዳለች ሆኖ የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው የቦርዶው የሜዶክ ታሪክ ነው፤ ይህን በተለይ ደላሎች ቢያነቡት ይወዱታል። እ.ኤ.አ. በ1855 ናፖሊዮን 3ኛ በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጁ የቦርዶ ንግድ ምክር ቤት የወይን ጠጆቹን ደረጃ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። ምክር ቤቱ ሥራውን የሰጠው ለከተማዋ ደላሎች ማኅበር ነበር። ደላሎቹም ቀማሽ ሸንጎ አላቋቋሙም፤ እያንዳንዱ ወይን ለዓመታት ሲሸጥ የነበረበትን ዋጋ መሠረት አድርገው ቀዩን በአምስት ደረጃ ከፈሉት። ሥራው በሁለት ሳምንት ገደማ አለቀ። የዓለም ሀብታሞች ዛሬም ድረስ የሚሰግዱለት ዝርዝር እንግዲህ የደላላ መዝገብ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ታላቅ ለውጥ አንድ ብቻ ነው፤ ሙቶን ሮትሽልድ በ1973 ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ከፍ ብሏል፤ ትእዛዙን የፈረሙትም በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ በወቅቱ የግብርና ሚኒስትሩ ዣክ ሺራክ ነበሩ። ደረጃው የተሰጠው ለስሙ እንጂ ለመሬቱ ስላልሆነ ባለቤቱ የጎረቤት ማሳ ቢገዛም ደረጃው አብሮት ይሄዳል። ይህን ያወቀ ገዢ “አምስተኛ ደረጃ ነው፣ ይቅርብኝ” ብሎ ጥሩ ዕቃ አያልፍም፤ “ሁለተኛ ደረጃ ነው” ተብሎም ያለ ጥያቄ አይከፍልም።

ሌሎቹን ወጥመዶች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ፑዪ ፉሜ እና ፑዪ ፉዊሴ ስማቸው ስለሚመሳሰል በትእዛዝ ወረቀት ላይ በቀላሉ ይምታታሉ፤ አንዱ ከሉዋር ሸለቆ በሶቪኞን ብላን የሚሠራ፣ ሌላው ከቡርጎኝ በሻርዶኔ የሚሠራ ፍጹም የተለያዩ ነጭ ወይኖች ናቸው። በስፔን ሪዮካ ቀይ “ሬዘርቫ” ቢያንስ ሦስት ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ አንዱን ዓመት በኦክ በርሜል የቆየ መሆን አለበት፤ አሜሪካ ውስጥ “ሪዘርቭ” የሚለውን ቃል የፌዴራሉ ሕግ ምንም ትርጉም አልሰጠውም። በፈረንሳይ “ቪዬይ ቪኝ”፣ ማለትም አሮጌ ተክል፣ ስንት ዓመት የሞላው እንደሆነ የሚወስን ሕግ የለም። ሲራና ሺራዝም አንድ ዓይነት የወይን ዘር ናቸው።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ለማንበብ የሚነሣ ሰው ግን በሁለተኛው ቀን ይተወዋል። መነሻው ጠርሙሱ ነው። አንድ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ የላዩ ጽሑፍ ቃል በቃል ይፈለጋል፤ የቦታው ስም፣ የዘሩ ስም፣ የደረጃው ቃል። ኮምፓንየኑ በማብራሪያው ውስጥ ራሱን የቻለ ርዕስ ያለውን ቃል በተለየ የፊደል ቅርጽ ስለሚያትመው አንባቢው ከአንዱ ወደ ሌላው ይመራል። ከሪዮካ ወደ ኦክ፣ ከኦክ ወደ በርሜል፣ ከበርሜል ወደ ማቆያ ዘመን። አንድ ጠርሙስ በአንድ ምሽት ቢጠና በዓመቱ መጨረሻ ነጋዴው ከሻጩ ወኪል ጋር እኩል ይነጋገራል። ጠርሙሱም ባዶ ሆኖ መገኘቱ አይቀርም፤ እሱም የትምህርቱ ክፍል ነው።

“ወይን በመጠጣት እንጂ በማንበብ አይታወቅም” የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ሳይቀምስ ያነበበ ሰው የሚተርፈው በግብዣ ላይ ጉራ መንፋት ብቻ ነው። ነገር ግን ምላስ የሚናገረው ወይኑ ዛሬ መጣፈጡን ነው፤ ለምን ያህል ጊዜ መጋዘን ውስጥ እንደሚቆይ፣ ለምን ያንን ያህል እንደሚያወጣ፣ በእርግጥም የተባለው ዕቃ መሆኑን አይናገርም። “ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ” የሚለውም ክርክር እንዲሁ ነው። ስልክ ላይ ስለ አንድ ወይን ከሚገኘው ጽሑፍ አብዛኛውን የጻፈው ወይኑን የሚሸጠው ሰው ነው።

ምላስ ብቻውን የት እንደሚያደርስ የሩዲ ኩርኒያዋን ጉዳይ አሳይቷል። ይህ ግለሰብ አሜሪካ ውስጥ እየኖረ ርካሽ ወይኖችን ቀላቅሎ፣ የታዋቂ ቤቶችን ጽሑፍ ለጥፎ፣ በሚሊዮን በሚቆጠር ዶላር ለሰብሳቢዎች ሸጧል። ከገዙት መካከል በመቅመስ ችሎታቸው የታወቁ ሰዎች ነበሩ፤ ቀምሰውም አድንቀዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2008 ኒውዮርክ ውስጥ ከ1945 እስከ 1971 ዓመት የተጻፈባቸው የፖንሶ ቤት ክሎ ሳን ድኒ ወይኖች ለጨረታ ሲቀርቡ ግን የቤቱ ባለቤት ሎራን ፖንሶ ሽያጩን አስቆሙ። ምክንያታቸው ጣዕም አልነበረም፤ ቤቱ ክሎ ሳን ድኒን መሥራት የጀመረው በ1982 ነበር። አንዲት ዓመተ ምሕረት የስንቱን ምላስ ረታች! ኩርኒያዋን በ2013 ጥፋተኛ ተብሎ በ2014 አሥር ዓመት እስርና 28.4 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተፈረደበት። አዲስ አበባ የሚገባው ዕቃ የዚያን ያህል ውድ ባይሆንም ቀንን ከስም ጋር የማመሳከሩ ልማድ አንድ ነው።

ስለ ማጓጓዝ የሚናገሩት ርዕሶች ለዚህ ገበያ ከሁሉ ይልቅ ይጠቅማሉ። ወይን ጠጅ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ቢቀመጥ ይመረጣል። ሲሞቅ ፈሳሹ ይሰፋል፣ ቡሹን ይገፋል፣ አየር ያስገባል፤ ጣዕሙም እንደተቀቀለ ፍሬ ይሆናል። የጅቡቲ በጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ ኮንቴይነር ውስጡ ከዚያም ይብሳል። ማቀዝቀዣ ላለው ኮንቴይነር የሚጨመረውን ኪራይ ለመቆጠብ ብሎ ወይኑን በተራው ኮንቴይነር በክረምት የሚያስጭን ነጋዴ፣ ያተረፈ መስሎት ሙሉውን ጭነት ለዕጣ ይጥላል። የአዲስ አበባ ከፍታና ቀዝቃዛ አየር ለመጋዘን የተመቸ ነው፤ ዕቃው እዚያ ሳይደርስ ከሞተ ግን ምን ይረባል?

ወይን ለመትከል የሚያስቡ ባለሀብቶችም አሉ። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርና አክሱማይት ለብዙ ዘመን የታወቁ ናቸው፤ ካስቴል ደግሞ ዝዋይ ላይ ያመረተውን ሪፍት ቫሊና አካሺያ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ አውጥቷል። ሦስተኛና አራተኛ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን መሬት ላይ ከማፍሰሱ በፊት “ፊሎክሴራ” የሚለውን ርዕስ ያንብብ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይን ተክል ያወደመው ይህ ሥር በል ነፍሳት የተገታው የአውሮፓን ወይን በአሜሪካ የወይን ሥር ላይ በማዳቀል ነው። የካሊፎርኒያ ገበሬዎች ይህን እያወቁ ኤ ኤክስ አር 1 የሚባለውን ሥር ተከሉ፤ ምርቱ ብዙ ነበርና። ሥሩ ግን ከአውሮፓ ዘር ጋር የተዳቀለ በመሆኑ ደካማ ነበር፤ በፈረንሳይ፣ በሲሲሊና በደቡብ አፍሪካ ቀድሞ መውደቁም ተጽፎ ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ናፓና ሶኖማ በሰፊው ተነቅለው እንደገና ተተከሉ፤ ኪሳራው በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ተቆጠረ።

መጽሐፉ የማይሰጠውም አለ። የዋጋ ዝርዝር የለውም፤ የሚያድገውን የሚወርደውን አይተነብይም፤ ለወይኖች ነጥብ አይሰጥም። የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። ደንቦችም ከኅትመት በኋላ ይለወጣሉ፤ በሳንት ኤሚሊዮን ደረጃው በየአሥር ዓመቱ ገደማ ስለሚከለስ ከ2022ቱ ዝርዝር በፊት ሽቫል ብላንና ኦዞን የመሰሉ ታላላቅ ቤቶች ራሳቸው ወጥተዋል፤ የአሮጌ እትም ባለቤት ይህን አያገኝም። ስለዚህ ከመጽሐፉ ጎን አንድ ተራ ደብተር መኖር አለበት። የአቅራቢው ስም፣ የተለቀመበት ዓመት፣ የተገዛበት ዋጋ፣ ጅቡቲ የቆየበት ቀን፣ በስንት ወር እንደተሸጠ፣ የትኛው ሆቴል እንደመለሰው ይጻፍበት። መጽሐፉን ብቻውን መግዛት የከበደው ሱቅ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር አዋጥቶ ሊገዛው ይችላል፤ ደብተሩን ግን ማንም ለማንም አያውስ።