የአሠራር ማሻሻያ የሚለካው በተገልጋዩ ምልልስ ነው

ወደ መንግሥት ተቋም የሚመጣ ዜጋ የአሠራር ማሻሻያን የሚያነበው በግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ራዕይና ተልዕኮ ነው፤ ውጤቱን የሚያውቀው ግን ጉዳዩ በአንድ ቀን ሲያልቅ ወይም «ነገ ተመለስ» ሲባል ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከሃያ ዓመታት በላይ የዘለቀ ልምድ አላት። ልምዱም የትኛው ማሻሻያ የተቋማትን አፈጻጸም እንደሚለውጥ፣ የትኛውስ ስም ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተጀመረው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም የወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር፣ የሰው ሀብት አስተዳደር፣ የአገልግሎት አሰጣጥ፣ የከፍተኛ አመራር ሥርዓት እና ሥነ ምግባር የሚሉ አምስት ንዑሳን ፕሮግራሞችን የያዘ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ተቋማቱ የገባው መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ በተለምዶ «ቢፒአር» የሚባለው፣ አሜሪካዊው ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረቡት ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። ሐሳቡ ነባሩን አሠራር በኮምፒውተር ከማፋጠን ይልቅ አላስፈላጊውን ደረጃ መሰረዝ ይቀድማል የሚል ነው።

ቀድሞ አንድ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ወደ ባለሙያ፣ ከባለሙያ ወደ ቡድን መሪ፣ ከዚያም ወደ መምሪያ ኃላፊ እየተመራ፣ በየደረጃው ፊርማና ማኅተም እየጠበቀ ይጓዝ ነበር። በአዲሱ አሠራር ሥራውን ከመነሻው እስከ ፍጻሜው አንድ ቡድን እንዲይዘው ታሰበ። የመወሰን ሥልጣን ተገልጋዩን ፊት ለፊት ለሚያገኘው ባለሙያ በተሰጠበት ቦታ የጥበቃው ጊዜ ያጥራል፤ ፊርማው ከኃላፊው ጠረጴዛ ባልወረደበት ቦታ ግን ወረፋው እንደነበረ ይቀጥላል። መምሪያው «የሥራ ሂደት»፣ ቆይቶም «ዳይሬክቶሬት»፣ ኋላም «ሥራ አስፈጻሚ» ተብሏል። የበሩ ጽሑፍ በተቀየረ ቁጥር ከበሩ ውጭ የቆመው ሰው ያተረፈው ነገር ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው፣ ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 ያስተዋወቁት የሚዛናዊ ውጤት ተኮር ሥርዓት፣ የተቋምን ሥራ በፋይናንስ፣ በተገልጋይ፣ በውስጥ አሠራር እና በመማማርና ዕድገት ዕይታዎች ይመዝናል። ሐሳቡ ጤናማ ነው፤ አስቸጋሪው የመለኪያው አመራረጥ ነው። አንድ ክፍል የሚመዘነው «ባስተናገደው ተገልጋይ ብዛት» ከሆነ፣ ለአንድ ጉዳይ ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ሰው በሪፖርቱ ላይ ሦስት ተገልጋይ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ከሩቅ ወረዳ የመጣው ሰው የመኝታና የትራንስፖርት ወጪ፣ የቀን ሠራተኛው ያጣው የዕለት ገቢ በየትኛውም ዓምድ አይገባም። በዚህ ዓይነት ምዘና እንግልት ራሱ የአፈጻጸም ውጤት መስሎ ይቀርባል። መለኪያው አንድ ጉዳይ በስንት ምልልስ እንደተጠናቀቀ የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ፣ ያው ሪፖርት ተቃራኒውን ታሪክ ይናገር ነበር።

ካይዘን በበኩሉ አላስፈላጊውን በማስወገድና እያንዳንዱን ዕቃ በቦታው በማስቀመጥ የጠፋ ፋይል ፍለጋን ያቃልላል፤ ማን እንደሚፈርም ግን አይወስንም።

በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ ተቋማትን አገልግሎቶች በአንድ ጣሪያ ሥር አምጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የዲጂታል መታወቂያም ዜጋው ማንነቱን ለማረጋገጥ በየቢሮው የሚያቀርበውን ሰነድ የመቀነስ ዕድል ይሰጣል። ሆኖም መስኮቶቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ውሳኔው ከየዋናው መሥሪያ ቤት የሚጠበቅ ከሆነ፣ የተሻሻለው የመጠበቂያው ወንበር ብቻ ይሆናል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው ምላሽም በ«ሲስተም የለም» ከተተካ፣ ለተገልጋዩ ሁለቱም አንድ ናቸው፦ ሌላ ቀን መምጣት ነው።

ስለሆነም ተገልጋዩ የሚያውቀው መረጃ ለተቋሙም የሚያስፈልገው መረጃ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል አስተዳደር ተቋማት ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጡ ይጠይቃል፤ በውሳኔው ያልተስማማ ሰው ቅሬታውን በቅድሚያ ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ አካል፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። የአስተዳደር በደል ደርሶብኛል የሚል ዜጋ ደግሞ አቤቱታውን ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በቃልም ሆነ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። ቅሬታ አቅራቢዎች የመጡበትን ቀን፣ የተስተናገዱበትን መስኮት፣ የተሰጣቸውን ምላሽና የተመላለሱበትን ብዛት ጽፈው ቢያቀርቡ፣ ጉዳዩ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደቆመ ለመለየት ይቀላል።